የእጅ ፍሬዛን በኮምፒውተር ማዘዝ፦ ጥያቄና መልስ

ቤቴ ያለችውን ትንሽ የእጅ ፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ ብረት የምትቀርጽ ማሽን) ወደ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ወደምትታዘዝ ማሽን ቀየርኳት ካልኩ ወዲህ ጥያቄ ዘነበብኝ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ ከየት ልጀምር? ሞተር ልግዛ ወይስ ሶፍትዌር ልማር?

ከሁለቱም በፊት ማሽንህን መርምር። ዳያል ኢንዲኬተር (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ጠረጴዛው ላይ አስጠጋ። እጀታውን ወደ ቀኝ አዙርና መርፌውን ዜሮ ላይ አድርገው። አሁን ቀስ እያልክ ወደ ግራ መልስ። እጀታው እየዞረ መርፌው ዝም ካለ ያ ልቅነት ነው፤ ባክላሽ ይሉታል። የእኔዋ ሩብ ሚሊ ሜትር ነበራት። በእጅ ስትሠራ ሁልጊዜ ከአንድ ጎን እየመጣህ ትሸውደዋለህ። ኮምፒውተር ግን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ክብ ቁረጥ ስትለው፣ አቅጣጫ በሚቀይርባቸው አራት ቦታዎች ላይ ጠባሳ ይተውልሃል።

ሶፍትዌሩ ራሱ ባክላሹን ያካክሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

በከፊል። አቅጣጫ ሲቀየር ትንሽ ጨምሮ ያዞራል። ችግሩ መቁረጫው ጠረጴዛውን ወደ ራሱ ሲስብ ነው። ያኔ ጠረጴዛው በልቅነቱ ልክ ዘሎ ይሄዳል፤ ሶፍትዌሩ አያየውም። መፍትሔው ጠረጴዛውን የሚገፋውን ቪቴ፣ ማለትም ረጅሙን ጥርሳም ዘንግ፣ በቦል ስክሩ መተካት ነው። ዳዶው ውስጥ ትንንሽ ኳሶች ስለሚንከባለሉ ልቅነቱም ሰበቃውም በጣም ይቀንሳል። ግን ልብ በል፤ የድሮው ቪቴ ራሱን ቆልፎ ይይዝ ነበር፣ ይሄኛው አይዝም። ሞተሩ ኃይል ሲያጣ የፍሬዛው ራስ በክብደቱ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ፍሬን ወይም ማመዛዘኛ ክብደት አስብለት።

ስቴፐር ወይስ ሰርቮ?

ስቴፐር በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር ነው፤ ሰርቮ ደግሞ ያለበትን ቦታ መልሶ የሚናገር። ለትንሽ ማሽን ስቴፐር ይበቃል፤ ኔማ 23 የሚባለው መጠን በቂ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሞተሩ አንድ ዙር በ200 እርምጃ ይዞራል። ድራይቨሩን (ሞተሩን የሚነዳውን ሰርኪት) እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 እንዲከፍል ብታስተካክለው 1600 ይሆናል። ቪቴው በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ከሄደ፣ ለ1 ሚሊ ሜትር 320 እርምጃ ነው። ይህን ቁጥር ሶፍትዌሩ ላይ ተሳስተህ ከሞላኸው ሁሉም ልክ ይዛባል።

መብራት ሲሄድስ?

ይሄንን ተምሬ ነው የምነግርህ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮምፒውተሩን ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ሰካሁ። መብራት ሄደ። ሞተሮቹ ቆሙ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዝ መላኩን ቀጠለ። ተራ ስቴፐር መቆሙን መልሶ አይናገርማ! መብራት ሲመለስ ጠረጴዛው ከተሳሳተ ቦታ ጉዞውን ቀጠለ፤ መቁረጫው ግን አይዞርም። ቀጭ! ተሰበረ። አሁን ኃይሉ ሲቋረጥ ፕሮግራሙን የሚያስቆም ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አለኝ። በየጫፉም የመነሻ ስዊች ገጥሜያለሁ። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ወደዚያ ሄዶ ዜሮውን ያገኛል።

አሜሪካ ነው ያለሁት። ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ለወንድሜ አዲስ አበባ ልልክለት ነው።

ጎኑ ላይ 115 እና 230 የምትል ትንሽ መምረጫ ካለችው፣ ሳይሰካው በፊት 230 ላይ ያድርጋት። ከረሳት በጭሱ ያስታውሳል። መምረጫ ከሌለው 220 ቮልት መቀበሉን ጽሑፉ ላይ አንብብ።

ያለኝ ቶርኖ (ብረቱን ራሱን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ነው። የብሎን ጥርስ ማውጣት ይችላል?

ይችላል እህቴ፣ ግን ስፒንድሉ (ዋናው የሚዞረው ዘንግ) ላይ ኢንኮደር፣ ማለትም ዘንጉ የት እንደደረሰ የሚናገር መሣሪያ ያስፈልግሻል። መቁረጫው ጥርሱን ለማውጣት ደጋግሞ ይመላለሳል፤ በየምልልሱ ከዚያው ነጥብ ካልጀመረ የቀድሞውን ጥርስ ያጠፋዋል።

የ14 ዓመት ልጄ አብሮኝ ቢሠራስ?

ደስ ይላል። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ግን በሶፍትዌር በኩል እንዳይሆን፤ የሞተሮቹንና የስፒንድሉን ኃይል ራሱ በቀጥታ ይቁረጥ። ልጁ ሳያይ በመዳፉ የሚደርስበት ቦታ ግጠመው። ጓንት አይልበስ፤ የሚዞር ነገር ጓንት ከያዘ እጁንም ይዞ ይሄዳል። የብረት ፍቅፋቂውንም በእጁ ሳይሆን በብሩሽ ያንሳ፣ ያውም ማሽኑ ቆሞ።