የኋላ ቸርኬ ብሎን አቀማመጥ ስለመቀየር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዚህ ወር ከአዳማና ከአካባቢዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጠኑ በመሆናቸው አብሬ አቅርቤያቸዋለሁ። ጉዳዩ በአሮጌ መኪኖች፣ በተለይም በኋላ እግራቸው ላይ፣ የቸርኬ ብሎኖች የሚገቡበትን አቀማመጥ መቀየር ነው። አቀማመጡ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ አንደኛው የብሎኖቹ ብዛት ሲሆን ሁለተኛው በብሎኖቹ መሐል ለመሐል የሚያልፈው ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። «4 በ98» ስንል አራት ብሎኖች በ98 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ተቀምጠዋል ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ላዳ አለኝ። የፊት እግሩ መለዋወጫ ቢጠፋብኝ ከዓመት በፊት የቶዮታ ዲኤክስ የፊት እግር አስገጠምኩለት። አሁን ፊቱ 4 በ114.3፣ ኋላው 4 በ98 ሆኖ ሁለት ዓይነት ቸርኬ ይዤ እዞራለሁ፤ ስኮርታዬም ለፊት ብቻ ነው የሚሆነው። አንድ ጋራዥ የኋላውን ቀዳዳዎች በብየዳ ደፍኖ እንደ ፊቱ አድርጎ ሊበሳልኝ ፈቅዷል። ላሠራው?

መልስ፦ በብየዳ ማስደፈኑን ፈጽሞ አያስቡት። ይህንን ሐሳብ ከሌሎችም ደጋግሜ ስለሰማሁ ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በላዳ ላይ፣ መነሻው እንደሆነው እንደ ፊያት 124 ሁሉ፣ የኋላ ጎማ የሚታሰረው በሴሚያሱ፣ ማለትም ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ባለው ክብ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውና ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት ናቸው፤ ታምቡሩ (የፍሬን ሸራ ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት) በሰሌዳውና በቸርኬው መካከል ተጣብቆ ይቀመጣል እንጂ ጎማውን የሚሸከመው እሱ አይደለም። በዚያ እግር ላይ የሚያርፈው የመኪናው ክብደት፣ ከሞተሩ የሚመጣው ጉልበትና ፍሬን ሲያዝ የሚፈጠረው ኃይል በሙሉ በዚያች ሰሌዳ በኩል ያልፋሉ። ሴሚያስ ለጥንካሬ ተብሎ የተመረጠና በሙቀት የተቀመመ ብረት ስለሆነ፣ በብየዳ ግሎ ወዲያው ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ ሲጀምር ዓይን አያየውም። ሰሌዳው በመጨረሻ ሲሰበር ደግሞ ጎማው ከነታምቡሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ፍሬኑም አብሮት ይሄዳል።

ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በነበረኝ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አሠርቼ፣ ከሶደሬ ስመለስ በየኩርባው ከኋላ በቀኝ በኩል «ጧ፣ ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ወርጄ ጎማውን በእጄ ብወዘውዘው አልነቃነቅ አለኝ። አዳማ ገብቼ ጎሚስታ ዘንድ ቸርኬው ሲወልቅ ግን ከሁለቱ ብሎኖች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት እንደ ጨረር ወደ ውጭ ተበትኖ አየሁ፤ የቸርኬው ቀዳዳዎችም ክብነታቸውን አጥተው የእንቁላል ቅርጽ ይዘዋል። ሰሌዳውን በጨርቅ ወልውዬ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ከብየዳው ተነሥቶ ወደ መሐል የሚሄድ፣ ከፀጉር የማይወፍር መስመር ላይ ጥፍሬ ያዝ አለ። እግዚአብሔር በትንሹ አሳልፎኛል። ያን የዝገት ጨረር በማንኛውም መኪና ላይ ካያችሁ፣ ቸርኬው ሳይታወቃችሁ ሲንቀሳቀስ እንደቆየ የሚመሰክር ምልክት ነውና መኪናውን እዚያው አቁሙት።

አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች ሳይደፍኑ አዲስ መብሳትስ ይቻላል ወይ? በስሌት ይቻላል። ከ98 ክብ ወደ 114.3 ክብ ሲሄዱ አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ትይዩ ከሆነ በመሐላቸው ለመሐላቸው ያለው ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ሁለቱ ተደራርበው አንድ ሞላላ ቀዳዳ ይሆናሉ። አዲሶቹን በ45 ዲግሪ አዙሮ በአሮጌዎቹ መካከል ማሳረፍ ግን ርቀቱን ወደ 41 ሚሊ ሜትር ያደርሰዋል፤ ይህ በቂ ሥጋ ነው። የሚያስቸግረው ወደ ውጭ ያለው ዳር ነው። እኔ የምከተለው ልክ ከቀዳዳው እስከ ሰሌዳው ዳር ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ብረት እንዲቀር ነው፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ብሎን በ114.3 ክብ ላይ ሲሰላ የሰሌዳው ጠቅላላ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ታምቡሩን አስወልቀው ሰሌዳውን በካሊበር ይለኩ፤ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ መብሳቱን ይተዉት። በቂ ሆኖ ካገኙትም ሥራው በእጅ ትራፓኖ የሚሠራ አይደለም። ሴሚያሱ ወጥቶ፣ ዲግሪ መክፈያ ባለው ሚሊንግ ማሽን ላይ ታስሮ፣ ከመሐሉ እምብርት (ቸርኬው ከሚሰካበት የመሐል ጉብታ) ተለክቶ መበሳት አለበት። ሴሚያሱ ሲወጣ ኩሽኔታውን የሚይዘው በሙቀት የገባ ቀለበት ከተነቀለ፣ ሲመለስ አዲስ ቀለበት ይገባል እንጂ አሮጌው ዳግመኛ አይገባም።

ሰሌዳው ጠባብ ከሆነ የሚቀረው በመካከል የሚገባ ማስማሚያ ነው፤ ይኸውም በአንድ በኩል በ98 ክብ ከሴሚያሱ ጋር የሚታሰር፣ በሌላው በኩል በ114.3 ክብ ስታድ (ዳዶ የሚታሰርበት ቋሚ ብሎን) የተተከለበት ወፍራም የብረት ሰሌዳ ነው። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በላዳው 58 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነው እምብርት ላይ ያለ ክፍተት የሚቀመጥና ለቶዮታው ቸርኬ የራሱ እምብርት ያለው መሆን ይገባዋል። ቶርኖ ቤት ሲያሠሩ ከወጥ ብረት እንዲቀረጽ ይጠይቁ፤ ተበይዶ የተገጣጠመ እንዳይቀበሉ። ጉዳቱን ልደብቅዎት አልፈልግም፤ ጎማው በየጎኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ዕቃ ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስማሚያውን የሚያስሩት ብሎኖች ቸርኬው ካልወለቀ አይታዩም። ስለዚህ ባስገጠሙት ማግስት ሞጆ ደርሰው ይመለሱ፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንልዎታል፤ ከዚያ ቸርኬውን አውልቀው የውስጦቹን ብሎኖች በቶርክ መፍቻ ደግመው ያጥብቁ። የላዳ የቸርኬ ብሎን ከ60 እስከ 70 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ይህ መደረጉን እርግጠኛ ይሁኑ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን መጀመሪያ የላዳ የፊት እግር መፈለግ ነበር የምመርጠው። ፊቱ ወደ 4 በ98 ቢመለስ ኋላውን የሚነካው አይኖርም፤ አንድ ባለ 4 በ98 ስኮርታም ለአራቱም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ቮልስ አምስት ብሎን ናት። ቸርኬዎቿ ዝገው አልቀዋል፤ ባለ አራት ብሎን ቸርኬ ግን አግኝቻለሁ። የኋላውን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

መልስ፦ በቮልስ ላይ ሥራው ከላዳው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ምክንያቱም የቸርኬው ብሎኖች የሚገቡት በታምቡሩ ውስጥ ሲሆን ታምቡሩ ደግሞ በጥርስ ሴሚያሱ ላይ ይሰካል። የአምስት ብሎኗ 5 በ205 ስትሆን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የመጡት 4 በ130 ናቸው፤ ስለዚህ መብሳትም መበየድም ሳያስፈልግ ታምቡሩን ብቻ መቀየር ይበቃል። መጠንቀቅ ያለብዎ የታምቡሮቹ ጥርስ ርዝመት በየዘመኑ ስለሚለያይ ነው። ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ታምቡር ይዘው ይሂዱና ጎን ለጎን አስተኝተው ጥርሶቹን ያስተያዩ፤ አዲሱ የሚረዝም ወይም የሚያጥር ከሆነ ዳዶው ታምቡሩን በትክክል አይዘውም።

መሐል ላይ ያለው ዳዶ 36 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው በክሪክ ላይ ሳለ ሊፈቱት አይሞክሩ፤ ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚያግደው ሽቦ) ከወጣ በኋላ ይፍቱት። ሲመልሱት ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ይህም በ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመልዎ እስኪገጥም ጨምረው ያጥብቁት እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱት። ይህ ዳዶ ሲላላ የታምቡሩ ጥርስ ተበልቶ መኪናው ማርሽ ውስጥ ገብቶ የማይሄድበት ቀን ይመጣል። ታምቡሩ በወጣ ጊዜ ከጀርባው ያለውን የዘይት መከላከያ ጎማም አብረው ይቀይሩት፤ የማርሽ ዘይት ወደ ፍሬን ሸራው ሲያፈስ የኖረ ከሆነ ያን ጊዜ ያዩታል።

ፊቱን በተመለከተ፣ የፊት ታምቡር ኩሽኔታዎቹን ራሱ የሚሸከም በመሆኑ ከእርስዎ የፊት እግር ዘመን ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። ኋላውን ብቻ ቀይረው ፊቱን በአምስት ብሎን ካስቀሩት የላዳው ጠያቂያችን ችግር በእርስዎም ላይ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ብሎኑን በማስመሪያ መለካት ቀላል ነው፤ ባለ አምስቱ ግን ትይዩ ስለሌለው እንዴት ይለካል?

መልስ፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎችን ይምረጡና ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ይለኩ፤ ይህ የመሐል ለመሐል ርቀታቸው ነው። ያገኙትን ቁጥር በ1.701 ያባዙት። 120.5 ሚሊ ሜትር ካገኙ 205 ይሆናል፤ 67.2 ካገኙ 114.3።

ጥያቄ፦ ላዳዬ 4 በ98 ነው። ከኮሮላ የወጣ 4 በ100 የሆነ ቆንጆ ቸርኬ ገዛሁ። ጎሚስታው «ሁለት ሚሊ ምን ታደርጋለህ፣ ቡሎኑ ራሱ ይስበዋል» አለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ ብሎኑ እንደሚስበው ጎሚስታው ያለው እውነት ነው፤ አደጋውም ያ ነው። ጎማውን የሚሸከመው የብሎኑ አንገት ሳይሆን ቸርኬው በሰሌዳው ላይ ተጨቁኖ ሲጣበቅ የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። እያንዳንዱ ብሎን 1 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ሲገባ ሾጣጣው አንገቱ በቀዳዳው አንድ ጎን ብቻ ይነክሳል፤ መፍቻው «ጠብቋል» ይላል፣ ቸርኬው ግን በእውነት አልተጨቆነም። ብሎኑ በየዙሩ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ታጥፎ እንደሚቆረጥ ሽቦም ይሆናል። ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁለቱን እየወረዱ ታምቡሩ በጋለበት ሰዓት ይህ እንዲሆን አይመኙም።

ሌላም ነገር አለ። የኮሮላው ቸርኬ የመሐል ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የላዳው እምብርት 58 ያህል ስለሆነ ቸርኬው ጨርሶ በሰሌዳው ላይ አይተኛም። ያንን በቶርኖ ማስፋት ይቻላል፤ የ2 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ግን እንዳለ ይቀራል። ሾጣጣው ከአንገቱ ተለይቶ የሚዟዟር፣ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ ልዩ ብሎን አለ፤ እሱን ካገኙና እምብርቱ በትክክል ከገጠመ ይቻላል። ሲገዙ ጥርሱን ይመልከቱ፦ የላዳው 12 በ1.25 (ውፍረቱ 12፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር) ሲሆን የቶዮታው 12 በ1.5 ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ለአንድ ሁለት ዙር ይገባና ይቆማል፤ በጉልበት ከተገፋ የሴሚያሱን ጥርስ ይዞ ይመጣል። የላዳው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ በእጅ ቢያንስ 10 ዙር መዞር አለበት፤ ካነሰ ብሎኑ አጭር ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የቆየ ዶጅ ገዛሁ። የቀኝ ጎማዎቹ ይፈታሉ፤ የግራዎቹ ግን በምንም አልፈታ ብለው አንዱ ስታድ ተቆረጠ። ዝገት ነው?

መልስ፦ ዝገት ላይሆን ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 1970 አካባቢ የተሠሩ የዶጅና የፕሊመዝ መኪኖች በግራ ጎናቸው ያሉት ዳዶዎች በተቃራኒው ይዞራሉ፤ ለመፍታት መፍቻውን ወደ ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል። የስታዱን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት፤ «ኤል» የምትባለው የላቲን ፊደል ተቀርጻበት ካዩ ጥርሱ የግራ ነው። የተቆረጠውን ሲተኩ ከዚያው ጎን ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ጥርስ ያለው ይግዙ፤ ሁሉንም የግራ ጎን ስታዶች ወደ ቀኝ ጥርስ ለመቀየር ከወሰኑ ደግሞ ዳዶዎቹንም አብረው ይቀይሩና ጎማ የሚፈታልዎትን ጎሚስታ አስቀድመው ያሳውቁት።