ቁጥሩ ልክ ነው፣ ዘፈኑ ግን የለም

ጥያቄ፦ የሮክ ዘፈኖችን በቤዝ ጊታር ከታብ (የትኛውን ክር የት እንደሚጫኑ በመስመርና በቁጥር ከሚያሳይ ጽሑፍ) እለማመዳለሁ። ቁጥሮቹን ብከተልም ዘፈኑን አይመስልም፤ ክሩም ዝዝ ይላል። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ የታቡን መስመሮች ገልብጠው እያነበቡ እንዳይሆን! የታችኛው መስመር ወፍራሙ የኢ ክር ነው፤ የላይኛው ቀጭኑ ጂ። ቅኝቱንም ይፈትሹ፦ የኢን ክር 5ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶች የተከፈለ ቦታ) ላይ ሲጫኑ ከባዶው፣ ማለትም ካልተጫኑት፣ ኤ ክር ጋር አንድ ድምፅ መስጠት አለበት።

ዋናው ጣጣ ግን ምቱ ነው። አብዛኛው ታብ የት እንደሚጫኑ እንጂ ድምፁን ምን ያህል እንደሚያቆዩ አይነግርም። ስለዚህ ዘፈኑን ከፍተው የትልቁን ከበሮ ምት ይከተሉ። ከዚያ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው አራት አራት ባር (ዘፈኑ በምት የሚከፈልበት ክፍል) ይለማመዱ፤ ሳይሳሳቱ ሲወጡት 5 ይጨምሩ።

ዝዝታው ብዙ ጊዜ ጣት ከፍሬቱ ብረት ርቆ ሲያርፍ ይመጣል። ከብረቱ በስተኋላ ተጠግተው ይጫኑ፤ ብረቱ ላይ ከወጡ ድምፁ ይታፈናል።