«ቆዳዬ ከተቆጣ ወዲህ ባሌን እየሸሸሁት ነው»

ጥያቄሽ ባጭሩ፦ 31 ዓመትሽ ነው፤ በትዳር 4 ዓመት ቆይተሻል። ሶሪያሲሱ (ቆዳን የሚያቀላና ቅርፊት የሚያወጣ ሕመም) ከክርንሽ አልፎ ብሽሽትሽና ብልትሽ አካባቢ ከወጣ ወዲህ ግንኙነት ያምምሻል። መብራት ታጠፊያለሽ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ የወሰደሽ ትመስያለሽ። ባለቤትሽ «ሌላ ሰው አለ» ማለት ጀምሯል።

እህቴ፣ ፍላጎትሽ ለምን ጠፋ ከማለታችን በፊት ሕመሙን እንያዝ። ሕመም የሚጠብቅ ገላ ይኮማተራል፤ እርጥበቱ ይቀንሳል፤ መፋተጉ ይበዛል። ሶሪያሲስ ደግሞ በተፋተገና በተላጠ ቆዳ ላይ እንደ አዲስ የመውጣት ጠባይ አለው። «ግዴታዬ ነው» ብለሽ ጥርስሽን ነክሰሽ የምታሳልፊው ሌሊት ቆዳውንም ፍርሃቱንም ያባብሳል። ይቅርብሽ።

ወደ ቆዳ ሐኪም ስትሄጂ «ብልቴም ላይ አለ» በዪ፤ ክርን አይቶ ብቻ የሚሸኝ አይጠፋም። እዚያ አካባቢ እርጥበት ስላለ ቅርፊቱ ብዙም አይታይም፤ ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ስለሚሆን ከፈንገስ ጋር ያምታታል። ለክርንሽ የታዘዘልሽን እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ቅባት ግን እዚያ አትቀቢ፤ ስስ የሆነውን ቆዳ ይበልጥ ያሳሳዋል። ሎሚና ሽታ ያለው ሳሙናም አይነካው። ለሶሪያሲስ የሚታዘዘውን ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ፣ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ።

ለባለቤትሽ በቀን፣ ከአልጋ ውጭ ንገሪው፦ «የምሸሸው አንተን አይደለም፤ ያመኛል። ሕመሙ ሶሪያሲስ ነው፤ አይተላለፍብህም።» ይቅርታ እየጠየቅሽ አትንገሪው፤ ጥፋት አልሠራሽም። ከተጠራጠረ ሐኪም ቤት አብሮሽ ይሂድ፤ ከሐኪሙ አፍ መስማት ለብዙ ባሎች ይቀላል።

ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ግንኙነቱን በስምምነት አቁሙ። በስምምነት ማቆምና ጀርባ መስጠት ለየቅል ናቸው። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ ጡትና ብልት ሳይነካ ተራ በተራ ተዳሰሱ። የት እንደሚጀመር አንቺ ምረጪ፤ ክርንሽ ካሳፈረሽ ከእግርሽ ይጀመር። የዚህ ልምምድ ጥቅሙ መነካት ሁሉ ወደ ሕመም እንደማያደርስ ገላሽን ማስተማሩ ነው።

ወደ ግንኙነት ስትመለሱ ከመድኃኒት ቤት በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ግዙ። ቫዝሊን የላቴክስ ኮንዶምን ያዳክማል። ከግንኙነት በኋላ ለብ ባለ ውሃ ታጥበሽ፣ ሳትፈትጊ አድርቀሽ፣ የታዘዘልሽን ቅባት ያኔ ተቀቢ።

ቆዳው ድኖም ሕመሙ ካልለቀቀሽ ጡንቻው ሳያውቀው መኮማተርን ለምዶ ይሆናል፤ ለዚያ የማህፀን ሐኪም ይመርምርሽ። እያመመሽ መሆኑን አውቆም የሚያስገድድሽ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቆዳ አይደለም፤ ያን ጊዜ ባለሙያ ዘንድ ብቻሽን ሂጂ።