ሰው የሚኖርበት ቅርስ፦ ስለ ሌኮክ መንደር የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ሌኮክ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ሌኮክ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሸር ያለች ትንሽ መንደር ናት። እኔ የምኖረው ብሪስቶል ነው፤ እንጀራዬ የአሮጌ ቤት ልስን ነው። ሥራ ወደዚያ ከወሰደኝ መንደሯን ሳላያት አልመለስም። ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ፎቶውን አየሁት። ጣሪያው ላይ አንድ አንቴና የለም፣ የመብራት ገመድ የለም። እውነት ሰው ይኖርበታል? እንዴትስ ሳይፈርስ ቆየ? እኔ ያደግኩበት የፒያሳ ግቢ አሁን የለም፤ የጠየቅኩዎትም ለዚህ ነው።» ከአዲስ አበባ

ይኖርበታል። ትምህርት ቤት አለ፣ ዳቦ ቤት አለ፣ ጠዋት ልጁን እየጎተተ የሚሮጥ ወላጅ አለ። ገመዱ የማይታየው መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ነው። ፊልም ሠሪዎች የሚጎርፉትም ለዚሁ ነው። መኪኖቹን አስነስተው አስፋልቱ ላይ አፈር ከበተኑ ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። የሳልዝበሪዋ ባላባት፣ ካውንቴስ ኤላ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1232 እዚህ የሴት መነኮሳት ገዳም መሠረተች። ኤላ ቀላል ሴት አልነበረችም። የዊልትሸር ሸሪፍ፣ ማለትም በንጉሡ ስም አውራጃውን የምታስተዳድር ሹም ሆና ሠርታለች፣ ኋላም መንኩሳ የገዳሙ እመምኔት ሆናለች። መንደሯ በገዳሙ ጥላ ሥር አደገች። ገበሬው ግብሩን በእህልና በበግ ጠጉር ያስገባ ነበር። ያ ሁሉ ይከተትበት የነበረው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎተራ ዛሬም ቆሟል። ከጎኑ መስኮት የሌላት ትንሽ የድንጋይ ክፍል አለች። ሰክሮ የረበሸ ሰው እስኪበርድለት የሚያድርባት እስር ቤት ነበረች። ጎብኚው ብዙ ጊዜ ሳያያት ያልፋታል፤ እኔ ግን የመንደር ኑሮን እንደሷ የሚነግረኝ የለም።

በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ ይህም ተዘጋ። ዊሊያም ሻሪንግተን የተባለ ሹም ገዛውና የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አፈረሰ። መነኮሳቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለቅስት መተላለፊያ ግን ትቶት ቤቱን ከዚያው ጋር አያይዞ ሠራ። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ግማሹ ገዳም፣ ግማሹ የመኳንንት መኖሪያ ነው።

ቤቱ እየዞረ ታልቦት ለሚባል ቤተሰብ ደረሰ። ከነሱ አንዱ ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በኦገስት 1835 ከቤቱ መስኮቶች አንዱን በትንሽ የእንጨት ካሜራ ቀረጸ። ምስሉ ያረፈበት ወረቀት የፖስታ ቴምብር ቢያክል ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። መስኮቱ አሁንም እዚያው አለ፤ ሰው በስልኩ ፎቶ ሲያነሳው ይውላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አንድ ቤተሰብ መንደሩን ከነቤቶቹ ለረጅም ዘመን በእጁ ይዞ ቆየ። ከፋፍሎ አልሸጠውም። የሱፍ ንግዱ ሲዳከም ፋብሪካው ሌላ ከተማ ሄደ፤ አፍርሶ አዲስ የሚገነባ ሀብታም አልመጣም። አብዛኞቹ ቤቶች የ18ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ የቀደሙ ሆነው የቀሩት በዚህ ነው። ከዚያ በ1944 የፎቶግራፍ አንሺው የልጅ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንም መንደሩንም ለናሽናል ትረስት ሰጠች። ናሽናል ትረስት በ1895 የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ1907 የወጣ ሕግ አንድን ንብረት «አይሸጥም፣ አይለወጥም» ብሎ የማወጅ ሥልጣን ሰጥቶታል። እንዲህ የታወጀን ንብረት መንግሥት እንኳ በተለየ የፓርላማ ሥርዓት ካልሆነ አስገድዶ ሊወስድ አይችልም።

«እንግሊዞች አሮጌ ነገር ስለሚወዱ ነው» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። እንግሊዝም ስንቱን አፍርሳለች። ሌኮክን ያቆማት ባለቤትነቱ የጸና ሰነድ፣ ገቢው ለጥገና የሚውል ኪራይና በየቤቱ እሳት የሚያነድ ነዋሪ ነው። ባዶ ቤት ቶሎ ይሞታል፤ ይህን በሥራዬ ሁልጊዜ የማየው ነገር ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው፣ ቤቱን ልግዛ ቢል አይችልም። በበጋ ደግሞ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ቁርሱን የሚበላ ሰው በመስኮት ፎቶ ሲያነሱት አይቻለሁ። ደስ አይልም።

የግቢዎ ነገር ከልቤ አሳዝኖኛል። የቀረ ፎቶ፣ የቤት ካርታ ካለዎት፣ የጎረቤቶቹንም ስም ካስታወሱ ዛሬውኑ አንድ ላይ ያስቀምጡት። የትኛው በር የማን እንደነበር፣ ቧንቧው የት እንደነበር ይጻፉ። ታላላቆችዎ በሕይወት ካሉ ቀድመው እነሱን ይጠይቁ።

«የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሲሪያክ ነው ብለው ጽፈዋል። የእኛው ቂርቆስ ይሆን? ተወልጄ ያደግኩት ቂርቆስ ሰፈር ስለሆነ ሳነበው ልቤ ድንግጥ አለ።» ከዋሽንግተን ዲሲ፣ የሦስት ልጆች እናት

አዎ እህቴ፣ እሱ ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት ያለፈው ሕፃን። እዚህ አገርም ሲተረክ ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው፣ ቦታው ጠርሴስ፣ ዘመኑም የዲዮቅልጥያኖስ። እኛ ጥር 15 እና ሐምሌ 19 እናስበዋለን፤ በምዕራቡ ቀኑ ጁን 16 ነው። በእንግሊዝ በስሙ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በካምብሪጅሸር ስዋፍሃም ፕራየር በሚባል መንደር አለ። እዚያ በአንድ ቅጽር ግቢ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ የማርያም፣ ሁለተኛው የቂርቆስና የኢየሉጣ።

ልጆችዎን ይዘው እንግሊዝ ከመጡ ጉዞውን ከባዝ ከተማ ይጀምሩ። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ሰጥተውታል። ከባዝ ቺፕነም በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቺፕነም ሌኮክ አውቶቡስ አለ። የጃንሆይን ቤትና የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ያዩዋቸዋል። ፌርፊልድ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

«የእንግሊዝ አሮጌ ቤት እንደ እኛ የጭቃ ቤት ነው ሲባል ሰማሁ። ታዲያ የእኛ ለምን መቶ ዓመት እንኳ አይቆይም?» ከባሕር ዳር፣ የግንባታ ተማሪ

ጥያቄህን ወደድኩት፣ ምክንያቱም በየቀኑ እጄ ላይ ያለ ነገር ነው። ሌኮክ የድንጋይም የሸክላም ቤት አላት። የእንጨቶቹን ልስን ስታነሳ ግን የምታገኘው አያትህ የሚያውቁትን ነው፦ ቋሚ፣ ማገር፣ ምርጊት። ማገሩ እንደ ቅርጫት የተጠለፈ ቀጭን እንጨት ነው። ምርጊቱ ጭቃ፣ ጭድና እበት ነው። በላዩ የኖራ ልስን ይመጣል። አንድ ቤት እንዲያውም ከጎን ስታየው ጣሪያውን የተሸከሙት ሁለት ጎባጣ ግንዶች ናቸው፤ ከመሬት ተነስተው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ እንጨቱ ኦክ ነው። ሳይደርቅ ተጠርቦ፣ ተሰክቶ፣ በእንጨት ችንካር ይያዛል፤ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሁለተኛ፣ እግሩ መሬት አይነካም። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት አለ። የእኛ ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ በቀጥታ አፈር ውስጥ ይተከላልና ከታች ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይጨርሰዋል። እዚህ ደግሞ ምስጥ ችግር አይደለም፤ ይህን ዕድል መካድ ተገቢ አይሆንም። ሦስተኛው ጥገና ነው። የበሰበሰችው ቁራጭ ብቻ ተቆርጣ አዲስ እንጨት ይሰካበታል። ግድግዳው በየጊዜው ኖራ ይቀባል።

ኖራን ደግሞ አደራ ልልህ እፈልጋለሁ። ድንጋዩ 900 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ሆኖ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። እርጥበት ሲገባ መልሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋል። ውሃው በስንጥቅ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ከኋላው ያለው እንጨት ሳይታይ ይበሰብሳል። ጠንካራ የሚመስል የሲሚንቶ ልስን ስትመታው ባዶ ድምፅ ከሰጠህ፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ በጣትህ የሚፈረፈር ሊሆን ይችላል። ይህ የእንግሊዝ ብቻ ችግር አይደለም። የጎንደሩ ፋሲል ግቢም በጣልያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግኖ ተጎድቷል። ቆየት ብሎ የተሠራው ጥገና ወደ ኖራ ተመልሷል። ጎንደር ብቅ ስትል የኖራ ሥራ የሚያውቁትን አዛውንት ግንበኞች ፈልገህ አነጋግራቸው፤ ከኔ ይልቅ እነሱ ያስተምሩሃል።

«እኔና ባለቤቴ በገጠር አንድ አሮጌ ቤት ልንገዛ ነው። ‹ግሬድ ቱ› ነው አሉን። መስኮቱን መቀየርና የውስጡን ግድግዳ ማፍረስ እንችላለን?» ከለንደን

ሳትጠይቁ አትንኩት። በእንግሊዝ በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎች ሦስት ደረጃ አላቸው፤ ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት የእናንተው ግሬድ ቱ ናቸው። ብዙ ሰው ሕጉ የሚመለከተው የፊት ለፊቱን ገጽታ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። የፎቅ መወጣጫውን፣ የውስጥ በሩን፣ ምድጃውን፣ አሮጌውን ልስን ሁሉ ይጨምራል። የቤቱን ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ሌላም አለ። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራው ካለ፣ «መልሰህ አስተካክል» የሚለው ትእዛዝ ለእናንተ ሊመጣ ይችላል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ስለዚህ ጠበቃችሁ ለእያንዳንዱ ለውጥ የፈቃድ ወረቀቱን ይጠይቅ።

ፈቃዱን የሚሰጠው ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ለማመልከቻው ክፍያ የለውም። እዚያ ያለውን የቅርስ ባለሙያ በጊዜ አነጋግሩ። መስኮቱን በፕላስቲክ ለመቀየር ከሆነ መልሱ እምቢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አሮጌውን ጠግኖ ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት መጨመር ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ብርዱንም ይከላከላል።

ልስኑን ውርጭ በሚጥልበት ወር አታሠሩ፤ ኖራ ሳይጠነክር ከቀዘቀዘ ይረግፋል። ለሳኝ ስትመርጡም ዋጋውን ከመስማታችሁ በፊት በምን እንደሚለስን ጠይቁት። «ለጥንካሬው ትንሽ ሲሚንቶ ጣል አደርግበታለሁ» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።