መልስ፦ ከእግር መቆረጥ በኋላ መራመድ በዘር ይወሰናል ወይ?

እህቴ፣ እናትሽ በስኳር ምክንያት እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። «አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ከተቆረጡ በኋላ ከነጮች ያነሰ ይራመዳሉ የሚል አነበብኩ፤ ከደማችን ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በፍጹም፣ ከደም አይደለም።

እዚያ ጥቁሮች እግራቸው የመቆረጥ ዕድሉ ከነጮች ይበልጣል። ሲቆረጥም ከጉልበት በላይ መሆኑ ይበዛል። ብዙዎቹ ሕክምና የሚያገኙት ዘግይተው ነው፤ የተዘጋ የደም ሥር ሳይከፈትላቸው ይቆያል። ጉልበት ከተረፈ ሰው ሠራሽ እግሩን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው የራስ ጡንቻ ነው። ጉልበት ከሄደ ግን ያቺኑ መንገድ መራመድ በጣም ያደክማል፤ ልቡ የደከመ ሰው ቶሎ ይተወዋል። በዚያ ላይ ኢንሹራንሱ ለየትኛው እግር እንደሚከፍል የሚወሰነው ከ0 እስከ 4 በሚሰጥ የመራመድ ደረጃ ነው። «ብዙም አይራመዱም» የተባለ ሰው ቀለል ያለ እግር ይሰጠዋል፣ ከዚያም እውነትም ብዙ አይራመድም። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አዳማ ላይም ሰውን ወደኋላ የሚያስቀረው ርቀትና ገንዘብ ነው። አሰላ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ሐኪማቸውን ሪፈር አስጽፊ። እስከዚያው ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አታድርጊ። ምቾት ይሰጣል፣ ግን ጉልበቱ ታጥፎ ይቀርና ሰው ሠራሽ እግር መግጠም ያስቸግራል። ቀጥ አድርገው ይተኙ፣ ከቻሉ ቀን ቀን በሆዳቸው። የቀረውን እግር ደግሞ ማታ ማታ እዪላቸው፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር። ቤት ውስጥም ቢሆን ያለ ጫማ አይርገጡ።