ለሦስተኛ ጊዜ ከመቁረጥ በፊት፦ ስለ ሽንት ቧንቧ ጥበት የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ የሚኖሩት አባትዎ የሽንት ቧንቧቸው ሁለት ጊዜ ከውስጥ ተቆርጦ ቢከፈትም ተመልሶ መጥበቡን ገልጸው፣ ሦስተኛው ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አያዋጣም ባይ ነኝ።

በካሜራ እየታየ ከውስጥ መቁረጥ በዋናነት የሚመከረው ጥበቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ሲያንስና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታከም ነው፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ጠባሳው እየረዘመና እየጠነከረ ሊሄድ ስለሚችል፣ ለቀጣዩ ሕክምና እንቅፋት ይሆናል። ዘላቂው መንገድ ዩሬትሮፕላስቲ የሚባለው ክፍት ጥገና ነው። ጥበቱ አጭር ከሆነና በተለይ ከቆለጥ ከረጢት በስተኋላ ባለው የቧንቧው ክፍል ላይ ከሆነ፣ ጠባሳው ተቆርጦ ይወጣና ሁለቱ ጫፎች ይገጣጠማሉ። ረጅም ከሆነ ከጉንጭ ውስጥ ስስ ሽፋን ተወስዶ ቧንቧውን ለማስፋት ይተከላል። ነገሩ ቢያስደነግጥም የጉንጩ ቁስል ቶሎ የሚድን ነው፤ አባትዎ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ግን አስቀድመው እንዲያቆሙ አጥብቄ እለምናለሁ።

የትኛው እንደሚሻል የሚለየው በቧንቧው ውስጥ ቀለም ተሰጥቶ በሚነሣው ኤክስሬይ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ አይወስኑ። ከጥገናው በኋላ ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቱቦ) ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስለሚቆይ፣ ወዲያው ወደ መንዝ ከመመለስ ደብረ ብርሃን ዘመድ ዘንድ ቢያርፉ ይሻላል። እስከዚያው ሽንታቸው ጨርሶ ከተዘጋ፣ ሳያድሩ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ በታችኛው ሆድ በኩል በሚገባ ቱቦ ሽንቱን ማስወጣት ይቻላል።