መልስ፦ ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በጎዳና ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው 3 ጊዜ ነው ወይስ 4?

ያገኘሃቸው ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። 3 የሚለው የፕሮፌሽናሎቹን ብቻ ቆጥሮ ነው፦ 1967፣ 1971 እና 1974 (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)። 4 የሚለው በ1964 ፈረንሳይ፣ ሳላንሽ ላይ በአማተርነት (ብስክሌት ሙያው ሳይሆን) ያሸነፈውን ይጨምራል። ያኔ ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ ፕሮፌሽናል የሆነው በዓመቱ ነው።

እስከ 1995 ድረስ በጎዳና ብስክሌት የአማተርና የፕሮፌሽናል ወንዶች ለየብቻ ይወዳደሩ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ሁለት ሻምፒዮን ይኖር ነበር፤ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን የሚለብሰውን የቀስተ ደመና ማሊያ ይለብሱ ነበር። በ1996 የአማተሩን ቦታ ከ23 ዓመት በታች ያለው ምድብ ተካው። በዚያው ዓመት አትላንታ ላይ ፕሮፌሽናል ብስክሌተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገቡ።

የድሮ ውጤት ስታገላብጥ ግን ተጠንቀቅ፤ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። አማተሮቹን ሁሉ ለፕሮፌሽናልነት ያልበቁ አድርገህ አትቁጠራቸው። የምሥራቅ ጀርመኑ ጉስታቭ አዶልፍ ሹር በ1958 እና በ1959 አከታትሎ የአማተሮች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ፕሮፌሽናል ግን ሆኖ አያውቅም፤ የአገሩ ሥርዓት ያንን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ስሙን የፕሮፌሽናሎች ውድድር ከሆነው ከቱር ደ ፍራንስ ዝርዝር ውስጥ ብትፈልግ አታገኘውም።